ምሰሶ የሌለው ታዛ

ያን አዳራሽ ነገሌ ላይ ኖሮ ያላየው ሰው አልነበረም። በንጉሡ ጊዜ የተሠራ ነው። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ፣ መስኮቶቹ ቀጫጭንና ረጃጅም፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ ሊሾ። ስለ ግድግዳውም ስለ ሊሾውም ግን ማንም አያወራም። የሚወራው ስለ ታዛው ነበር። ከደጃፉ በላይ የአርማታ ታዛ ስድስት እርምጃ ያህል ወደ መንገዱ ወጥቶ፣ አንድ ምሰሶ እንኳ ሳይደግፈው ተዘርግቷል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ባርኔጣ ከንፈር ትንሽ ቀና ይላል። አዲስ አበባ ያኔ እንዲህ ያለ ሕንፃ በየቦታው ይሠራ ነበር አሉ። እኛ ዘንድ ግን ከእሱ በፊት የነበረው ጎጆና የቆርቆሮ ቤት ብቻ ነው። ከገጠር ለገበያ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ መጀመሪያ ሥሩ መግባት እየፈራ፣ ፀሐይ አናቱን እየጠበሰው በዙሪያው ይዞር እንደነበር ትልልቆቹ እየሳቁ ይነግሩን ነበር።

ያን ታዛ የሠሩት አባቴ ናቸው። ፕላኑን ያወጣው ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ሠራተኛውን የመሩት፣ ፌሮውን ያሳሰሩት፣ አርማታውን ያስፈሰሱት ግን እሳቸው ናቸው። ካቦ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከሸዋ ግንበኛ ሆነው ከወታደሩ ጋር ወረዱ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። እኛ ቤት አባት አንቱ ነው የሚባለው። የዛሬ ልጆች አባታቸውን አንተ ሲሉ ስሰማ እስካሁን ክው እላለሁ።

የከተማው ሰው ለአዳራሹ ሲል አባቴን ያከብራቸው ነበር። ሙሽራ ሥሩ ፎቶ ሳይነሳ ሠርጉ ሠርግ አይባልም። ወደ ሻኪሶ የሚሄድ መንገደኛ መኪና የሚጠብቀው እዚያ ነው፤ ባጃጆች የመጡ ጊዜም ሾፌሮቹ ቀድመው የተሻሙት ያንኑ ጥላ ነው። አባቴ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደጃፉ አጠገብ ካለው የድንጋይ መቀመጫ አይጠፉም ነበር። ሽቅብ እያዩ ይቀመጣሉ። ሰው «ጋሼ፣ ዛሬም ሥራዎን አይተው አልጠገቡትም?» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው መልሰው ሽቅብ ያያሉ። ዝናቡ ባባራ ቁጥር ደግሞ መሰላል ተውሰው፣ በገዛ ሲሚንቷቸው፣ በገዛ የግንበኛ ማንኪያቸው፣ የታዛውን ሆድ እየዞሩ ይለስኑታል። አምስት ሳንቲም የከፈላቸው የለም። «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!» እየተባለ ይመረቁበታል። እኔም በልጅነቴ ሥራቸውን እንዴት ቢወዱት ነው እያልኩ እኮራ ነበር። ምን አውቄ!

መንግሥት የተለወጠ ጊዜ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው ዛሬም ሁሉም የየራሱን ያወራል። የአዳራሹ ፕላን፣ የሥራው መዝገብ፣ ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚናገረው ወረቀት ሁሉ አመድ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሕንፃው ጥያቄ ያለው ሰው የሚጠይቀው አባቴን ነበር፤ እሳቸው ያሉት ያው ነው።

እኔ የሕንፃ ሥራ ተምሬ፣ ሰርተፊኬቴን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ተቀጠርኩ። ሴት ልጅ ሜትር ይዛ መሠረት ስትለካ ሰው ሥራ ፈቶ ያየኝ ነበር። አንዱ ሽማግሌ «ይቺ ልጅ መሬቱን ልትሰፋው ነው?» ብለው ሲያስቁብኝ፣ «አዎ፣ እርስዎን ጭምር የሚበቃ አድርጌ!» አልኳቸው። አፌ አያርፍም፤ እናቴም በዚሁ ስትቆጣኝ ነው የሞተችው።

አባቴ ጉልበታቸው ከዳቸውና መሰላል መውጣት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከታዛው ሆድ የመዳፍ ያህል አርማታ ተገምሶ፣ ሥሩ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ሳፋ ውስጥ ወደቀ። ሴትዮዋን አልነካትም። ከሙዙ ጋር አንስታ ቢሮ ድረስ አመጣችልኝና «የአባትሽ ነው፣ ውሰጂው» አለችኝ። ቀልዷን ነው። እኔም ስቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ለአባቴ አሳየኋቸው። ግቢያችን ውስጥ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቁራጩን ተቀበሉኝ፣ አገላበጡት። በአንድ በኩል የፌሮው ዝገት ቡናማ ሆኖ ተጣብቆበታል። ከዚያ ምላሳቸውን አውጥተው ቀመሱት። የድሮ ግንበኛ እንዲህ ነው፤ አሸዋውንም ውሃውንም ሳይቀምስ ሥራ አይጀምርም። ቁራጩን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ሲሚንቶው ነው» አሉኝ። «ያኔ የመጣው ሲሚንቶ በመርከብ ብዙ ቆይቶ ነበር። ላዩ ነው የተጎዳው። ተልሶ ቀለም ቢቀባ ይበቃዋል።»

አባቴ ናቸው፣ ያን ታዛ በእጃቸው ያቆሙ ሰው ናቸው፤ ምን ብዬ እጠራጠራለሁ? ሪፖርቴን እንዳሉኝ ጻፍኩት። የቢሮው ኃላፊም ደስ አለው። በሦስተኛው ሳምንት የከተማው ተማሪዎች የሚሸለሙበት በዓል ነበር፤ ተሸላሚዎቹና ወላጆቻቸው እንደ ወትሮው ከታዛው ሥር ወንበር ተደርድሮላቸው ነው የሚቀመጡት። «ለበዓሉ ያምርልናል፣ ቶሎ ይለሰን» አለ። ቀለም ታዘዘ።

ቁራጩን ግን ከመሬት አንስቼ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ሳየው ነጭ ነገር አብቅሎበታል። ጠረግኩት፤ በማግሥቱ ደግሞ አበቀለ። ሰው አለማየቱን አረጋግጬ እኔም እንደ አባቴ ምላሴን አስነካሁት። ጨው ነው! የቆየ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፣ ይፈረፈራል፤ ጨው ግን አያበቅልም። አርማታ ውስጥ ጨው ከገባ ደግሞ ፌሮው ከውስጥ ይዝጋል፤ ይህን ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው የተማርኩት። ማታ አባቴን ውሃው ከየት ይመጣ እንደነበር ብጠይቃቸው «በቦቴ፣ ከገናሌ» አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። የገናሌ ወንዝ ውሃ ጣፋጭ ነው። ነገሩ አልገጥም አለኝ።

በዚያው ሳምንት የገበያ ቀን የአባቴን ወዳጅ አገኘኋቸው። የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ በገበያ ቀን ሁሉ ለአባቴ ወተት ይዘው ይመጣሉ፤ ይህን ሲያደርጉ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ነው። እነሱ ዘንድ አባ ሄሬጋ ይባላሉ። የጉድጓዱን ውሃ ተራ የሚያስይዙ፣ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስኑ ማለት ነው። በዚያ በረሃ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት የለም። ታዛው ሥር በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«አካም፣ ልጄ? ናጋ?»

«ናጋ፣ ኦቦ። እርስዎስ? ከብቱስ?» ተባባልንና ወሬ ስንጀምር ዓይኔ ወደ ላይ ነበርና እንደ ዘበት ጠየቅኳቸው። «ይሄ ሲሠራ እርስዎ እዚህ ነበሩ?»

ሳቁ። አማርኛቸው አንቱን አያውቅም፤ ለአባቴም ለእግዜርም አንድ ነው። «ነበርኩ እንጂ! አባትሽ ያኔ ፀጉሩ ጥቁር ነው። የድርቅ ዓመት ነው። ከብቱ ግማሹ አልቋል። ጉድጓዳችን ውሃ አለው፣ ግን መራራ ነው፤ ጨው አለው። ከብት ይወደዋል። ትንሽ ልጅ ሲጠጣው ግን ሆዱ ይሄዳል፣ ይሞታል። እኛ ልጆቻችንን ይዘን እዚህ መጣን። ለምን? ቦቴው ከገናሌ ጣፋጭ ውሃ ያመጣል፤ ለሲሚንቶ። እኛ ቆመን እናያለን። ድንጋይ ጣፋጭ ውሃ ይጠጣል፣ ልጅ አይጠጣም።»

«እሺ?»

«አባትሽ እኛን አየ። አንድ ቀን ጠዋት ቦቴውን አስቆመ። ሴቶቹን ‹ቅላችሁን አምጡ› አለ። ሦስት ቀን ሙሉ የመጣው ቦቴ ሁሉ ለእኛ ነው። እኛ ደግሞ ዝም አላልንም፤ ከጉድጓዳችን መራራውን በአህያ ጭነን አመጣንለት። እሱን ለዚህ ታዛ ሲሚንቶ አደረገው። ታናሽ እህቴ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ናት፣ ዓይኗ ገብቶ ነበር። ዛሬ አያት ሆናለች። አባትሽ ሰው ነው።» ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

 ግድግዳውን ደገፍ ብዬ ቆምኩ። ሽማግሌው ምርቃት እየመረቁ ነበር፤ እኔ የምሰማው ግን ሌላ ነው። ሦስት ቀን ማለት ታዛው ከዳር እስከ ዳር የተሞላበት ቀን ነው። የተጎዳው ላዩ አይደለም። ከውስጥ እስከ ውጭ፣ ሁለንተናው ጨው ጠጥቷል። ሥሩ ደግሞ መኪና የሚጠብቁ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ ወደ ዶሎ ኦዶ እህል የጫነ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ሲርገበገብ በእጄ ይሰማኛል።

ቤት ሄድኩ። እየሮጥኩ ነው ብል ይሻላል።

«አባባ፣ ታዛው በየትኛው ውሃ ነው የተቦካው?»

ቀና ብለው አዩኝ።  «ማን ነገረሽ?»

«ወዳጅዎ። ሊያመሰግኑዎት ብለው።»

አባቴ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጣቶቻቸው ሲሚንቶ የበላቸው፣ ጥፍራቸው የጠፋ ነው። «መሐንዲሱ አዲስ አበባ ነበር» አሉ። «ታዛ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ አይቆምም። አቁመሽ በማግሥቱ ብትቀጥይው መገጣጠሚያው ላይ ይከዳሻል። የቦቴው ውሃ ደግሞ ለሁለቱ አይበቃም። ሴቶቹ ቆመዋል። አንዷ ልጇን አንስታ አሳየችኝ፤ ምንም አላለችኝም፣ ብቻ አሳየችኝ። እና ቦቴውን ሰጠኋቸው።»

«ውሃው ጨው እንዳለው ያውቁ ነበር?»

«ቀምሼዋለሁ» አሉኝ።

እኔ እንግዲህ ሳላውቅ ነው ይሉኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር የመጣሁት። «ታዲያ ለምን ለመሐንዲሱ አልተናገሩም? ያኔ ፈርሶ እንደገና ይሠራ ነበር!»

«ሊመረቅ ነበር። እንግዳ ተጠርቷል። ልታሰር እችል ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት አለፈው፣ አልወደቀም። ሁለት ዓመት አለፈው። ‹ምናልባት› አልኩ። እየሄድኩ አየዋለሁ፤ ስንጥቅ ባየሁ ቁጥር እለስነዋለሁ። ሠላሳ ዓመት፣ ከዚያም በላይ፣ እንደዚሁ።»

ለካ በየጠዋቱ የሚቀመጡት በኩራት አልነበረም። እየጠበቁት ነበር።   እንዲህ ያለ አባት አለኝ ብዬ መንገድ ላይ ወጥቼ መጮህ አማረኝ፤ እዚያው ደግሞ ትከሻቸውን ይዤ መነቅነቅ አማረኝ። ሥሩ እኮ እኔም አድጌበታለሁ! እናቴ እኔን አዝላ ሥሩ ስትቆም ያዩ ነበር፤ ምን እያሉ ያዩን ነበር?

«ሪፖርቴን ላስተካክል ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኔ እስክሞት ጠብቂኝ። ሩቅ አይደለም። ሌላ ሥራ የለኝም። ሰው የሚያውቀኝ በሱ ነው።»

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆች ሥሩ ሊቀመጡ ነው! እርስዎ እስኪሞቱ ልጅ ይሙት?»

ይህን ያህል ተናግሬያቸው አላውቅም። አንገታቸውን ደፉ። ጥያቸው ወጣሁ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። ሪፖርቱን አላስተካከልኩም። ቢሮ ገብቼ ወረቀቱን አወጣሁት፣ እስክሪብቶ ያዝኩ፣ አስቀመጥኩት። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ቀለሙ መጥቶ ግቢው ውስጥ ተከምሯል። ለራሴ «ሠላሳ ዓመት ያልወደቀ ለአንድ ቀን በዓል አይወድቅም» እለዋለሁ። አባቴ ለሠላሳ ዓመት ለራሳቸው የነገሩትን ያንኑ ነገር እኔም በሁለት ቀን ውስጥ ለመድኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ቆሜ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። አባቴ ናቸው። የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ጫማቸውን አስጠርገው ነው የመጡት። እኔን አላዩኝም፤ አይተውም እንዳላዩ ሆነው አለፉኝ።

«ታዛውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉት ኃላፊውን። «የበደልኩትም እኔ ነኝ። በመራራ ውሃ ነው ያስቦካሁት፤ አውቄ ነው። ልጄ የጻፈችው እኔ የዋሸኋትን ነው። ሰው ከሥሩ አስነሳ።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም። ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው። «ጋሼ፣ ደክሞዎታል። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ፣ ምን ይሆናል ብለው ነው?»

አባቴ አልተቀመጡም። «ዲጂኖ ያለው አንድ ሰው ስጠኝ» አሉት።

ወጣን። መሰላል ቀረበ፣ አንድ የቀን ሠራተኛ ዲጂኖውን ይዞ ወጣ። የተቀመጡት ሁሉ ተነሥተው ራቅ እንዲሉ አደረግናቸው። ሰው ሥራውን ትቶ ከበበን። አባቴ ከሥር ሆነው በከዘራቸው ያሳዩታል፦ «እዚያ ጋ። አዎ። አሁን ከሱ በስተግራ አንድ ክንድ። አሁን ወደ ጫፉ።» በሠላሳ ዓመት ውስጥ የለሰኑትን አንድ በአንድ ያውቁታል። ሠራተኛው ነካ ባደረገው ቁጥር ልስኑ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃል፤ ከውስጥ ፌሮው ቀይ ሆኖ ይታያል። የአውራ ጣት ውፍረት የነበረው እንደ ስንደዶ ቀጥኗል። አንዱን ሠራተኛው በእጁ ይዞ ሰበረው። ሰበረው! በባዶ እጁ! ከዚያ ፈርቶ ከመሰላሉ ወረደ።

 ከሰዉ መሃል አንዲት ሴት «ልጆቻችንን ሥሩ ሲያስቀምጡ ኖሩ እንዴ?» አለች። ከዚያ ሌላው ጀመረ፣ ሌላው ቀጠለ። ትናንት ጋሼ ሲሏቸው የነበሩት ዛሬ «ይሄ ሽማግሌ» አሉ። አባቴ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ሰሙ። ልይዛቸው ብጠጋ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። ሁሉም ተናግሮ እስኪጨርስ ቆመው ሰሙና በከዘራቸው እያዘገሙ ብቻቸውን ወደ ቤት ሄዱ።

በዓሉ ሜዳ ላይ ሆነ። ከዞን የመጣ አንድ መሐንዲስ በመዶሻ አንኳኩቶ አዳመጠና «ይፍረስ» ብሎ ፈረመ። እኔም ሪፖርቴን እንደገና ጻፍኩ፤ የአባቴን ስም፣ የውሃውን ነገር፣ ቦቴው የት እንደሄደ፣ ሁሉንም። ማፍረሻው በጀት ግን በአንድ ቀን አይመጣም፤ ደብዳቤው ሻሸመኔ ይሂድ፣ አዲስ አበባ ይሂድ እግዜር ይወቀው። እስከዚያ በአራት እንጨት ዙሪያውን ገመድ ወጠርንበት፣ «ክልክል ነው» ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም በቀይ ቀለም ጻፍኩ።

ወይ ጉድ! በማግሥቱ ብሄድ አንዱ ገመዱ ላይ ፍየሉን አስሮ፣ ራሱ ታዛው ሥር ጋደም ብሏል። የቆላ ፀሐይ ነው፤ ከተማው ውስጥ እንደዚያ ያለ ጥላ የለም። አባረርኩት። ከሰዓት ሌላ መጣ። ባጃጆቹም ተመለሱ። ማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ የለኝም አለ። አባቴ በከዘራቸው ሊያባርሩ ሞከሩ፤ ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ ያልፋቸዋል እንጂ የሚሰማቸው የለም።

በገበያው ቀን የቦረናው ሽማግሌ ወተታቸውን ይዘው መጡ። ገመዱን አዩ፣ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። መሸሸግ አልቻልኩም፤ ነገርኳቸው። መራራው ውሃ ምን እንዳደረገ፣ ሕዝቡ አባቴን ምን እንዳላቸው፣ ሁሉን። ሽማግሌው ወተቱን መሬት ላይ አስቀመጡት። በኦሮምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ከዚያ በአማርኛ፦ «ስለዚህ እኛ የጠጣነው ይሄን ቤት ነው» አሉኝ።

አባቴን ሳያገኙ ተመለሱ። የተቀየሙን መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ገመዱ አጠገብ አንድ የማላውቀው ሰው በትሩን ይዞ ቆሟል። ማን እንደላከው ብጠይቀው የሽማግሌውን ስም ጠራ። «ተራዬ ነው» አለኝ። ሽማግሌው በእነዚያ ሦስት ቀን ከቦቴው የጠጡትን፣ የሞተ ካለ ደግሞ ልጁን፣ አንድ በአንድ ጠርተው ተራ አስይዘዋቸዋል፤ ልክ ጉድጓዱ ላይ ከብት እንደሚያስይዙት። የአንድ ሰው ተራ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ነው። ውሃ ላይ ተራውን የሚያፈርስ የለም፤ ይሄንንም ያፈረሰ የለም። አንዳንዱ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ሰው ከገመዱ ሊገባ ሲል በትራቸውን ያጋድማሉ፤ አይቆጡም፣ አይለምኑም፣ ዝም ብለው ያጋድማሉ። ከዚያ ወዲያ ታዛው ሥር የገባ ሰው አላየሁም።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። በየቀኑ እየሄዱ ተረኛው አጠገብ፣ ከገመዱ ውጭ ይቆማሉ። ቋንቋ የሚግባቡም የማይግባቡም አሉ።

ዝናቡ ጀመረ። ሦስት ቀን ሌሊትና ቀን ዘነበ፤ በአራተኛው ቀን አባራና ፀሐይ ወጣች። አባቴን ብርድ መቷቸው ነበርና «ዛሬ ከዚህ ግቢ አይወጡም!» ብዬ ተቆጥቼ አስቀርቻቸው ነበር። እኩለ ቀን ላይ ምሳ ላቀርብላቸው ስል ድምፁ መጣ። ነጎድጓድ መስሎኝ ሰማዩን አየሁ፤ ጠርቷል። መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው የገባኝ። አባቴ ብድግ አሉ። ጫማቸውን ቢፈልጉት አጡት።

ሮጥኩ። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። የገበያ ቀን ነበር። የገበያ ቀን መሆኑ መንገድ ላይ ትዝ ሲለኝ ይበልጥ ሮጥኩ፤ እንደዚያ ቀን ጥላ ፈላጊ የሚበዛበት ቀን የለም። አቧራው ከሩቅ ይታያል። ሰው ይጮሃል። እየገፋሁ ገባሁ። ታዛው ከግድግዳው ተገንጥሎ፣ ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ፊቱን መሬት ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ከሥሩ የሰው እጅ፣ የሰው ልብስ እየፈለግሁ ዞርኩ። ምንም የለም። ደግሜ ዞርኩ።

ገመዱ አጠገብ አንዲት ጠና ያሉ ሴት አቧራ ለብሰው ቆመዋል፤ በትራቸውን አጋድመው እንደያዙ ናቸው። የዚያን ቀን ተራ የእሳቸው ነበር። የሽማግሌው ታናሽ እህት ናቸው።  አማርኛ አይችሉም። ስጠይቃቸው በጣታቸው ወደ ፍርስራሹ አሳዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማንም የለም ማለታቸው ነው። አጠገባቸው አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ልትገባ ስትል ተረኛዋ በትር አጋድመው መልሰዋት፣ ስትሳደብ ነበር ታዛው የወረደው።

ተረኛዋን አቀፍኳቸው። ከዚያ ወደ ቤት ሮጥኩ።

አባቴ በባዶ እግራቸው እስከ ውጭ በር ድረስ ደርሰዋል፤ ከዚያ አልሄድ ብሏቸው የበሩን እንጨት በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ያለፈውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር መሰለኝ፤ ማንም አልመለሰላቸውም። ሲያዩኝ «ሰው ነበረበት?» አሉኝ።

«የለም፣ አባባ።»

«እውነቱን ንገሪኝ።»

«ማንም አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁት። አንድ ሰው አልተነካም።»

«ተራው የማን ነበር?»

ነገርኳቸው። ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ የነበረችው ናት አልኳቸው።

አባቴ እናቴ ስትቀበር አላለቀሱም፤ ሕዝብ ሲሰድባቸውም አላለቀሱም። አሁን በሩን ለቀው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ አለቀሱ። «ሠላሳ ዓመት» ይላሉ፣ «ሠላሳ ዓመት አልተኛሁም።» እኔም ይነሡ አላልኳቸውም። ጭቃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ያዝኩ።